እንግጫን ስትነቅሉት ለምን ይብስበታል?

ቅዳሜ ሳሩን አጭዳችኋል። እንደ ምንጣፍ ተስተካክሏል፣ አይታችሁት ደስ ብሏችኋል። ማክሰኞ ጠዋት ወጣ ስትሉ ግን እዚህም እዚያም ከሌላው ሳር ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር አለ። ቀለሙ ከሳሩ ይለያል፣ ቢጫ ቢጫ ይላል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። ጎንበስ ብላችሁ ሳብ ታደርጉታላችሁ። ምንም ሳይታገል ይወጣል። «ቀላል ነው» ብላችሁ ትገባላችሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እዚያችው ቦታ ላይ ሦስት ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ይሄ እንግጫ ነው። በየአካባቢው ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል፣ የሳይንስ ስሙ ግን ሳይፐረስ ነው። የቤት ሳር ውስጥ ገብተው የሚያስቸግሩት በዋናነት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ሳይፐረስ ኤስኩለንተስ እና ሳይፐረስ ሮተንደስ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1977 ሌሮይ ሆልም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የዓለምን አስቸጋሪ አረሞች በደረጃ ሲያስቀምጥ አንደኛ የወጣ ነው። እና ጓሮ ውስጥ ቢያሸንፋችሁ ብዙ አትሸማቀቁ፣ ትልልቅ እርሻዎችንም አሸንፏል።

ብዙ ሰው እንግጫን ሳር ይመስለዋል። አይደለም። ሣር የሚባለው ቤተሰብ ሌላ ነው፣ የእንግጫ ቤተሰብ ሌላ። ደንገልን ታውቁት የለ? ያ ውሃ ዳር የሚበቅለው፣ የጥንት ግብፆች ወረቀት የሠሩበት ረጅም ተክል፣ የእንግጫ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ሳይፐረስ ናቸው። ይህን የምነግራችሁ ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። ሰው ሳር መስሎት የሳር አረም ማጥፊያ ገዝቶ ይረጨዋል፣ ምንም አይሆንም። ከዚያ ሰፋ ያለ ቅጠል ያላቸውን አረሞች የሚገድለውን ይሞክራል፣ አሁንም ምንም አይሆንም። መድኃኒቱ ተበላሽቷል ብሎ ሻጩን ይረግማል። የተሳሳተው ግን መጀመሪያ ላይ ነው፣ ማንነቱን ሳያጣራ ነው የተነሳው።

ማጣራቱ ደግሞ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንድ እግር ከሥሩ ቆርጣችሁ አገዳውን በአውራ ጣታችሁና በሌባ ጣታችሁ መሃል ይዛችሁ አንከባሉት። የሳር አገዳ ክብ ወይም ጠፍጠፍ ያለ ስለሆነ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። የእንግጫ ግን እየተደናቀፈ ነው የሚዞረው፣ ማዕዘኖቹ ጣታችሁ ላይ ይታወቃሉ። በምላጭ አግድም ብትቆርጡት ጥርት ያለ ሦስት ማዕዘን ታያላችሁ፣ ውስጡም ባዶ ሳይሆን ድፍን ነው። አንጓ የሚባል ነገር የለውም፣ ከታች እስከ ላይ ልሙጥ ነው። ከዚያ ደግሞ ከላይ ሆናችሁ ቁልቁል እዩት፤ ቅጠሎቹ በሦስት አቅጣጫ ነው የሚወጡት። የሳር ቅጠል በሁለት አቅጣጫ፣ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ እየተፈራረቀ ነው የሚሄደው። እኔ ጣት ላይ የሚደረገውን ሙከራ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ዓይን ይሳሳታል፣ በተለይ አረሙ ገና ትንሽ ሲሆን።

ሁለቱን ወንድማማቾች መለየትም ይጠቅማል፣ ምክንያቱን ወደ ኋላ ታዩታላችሁ። ኤስኩለንተስን ቢጫው እንበለው። ቅጠሉ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነው፣ ጫፉ ቀስ በቀስ እየቀጠነ ሄዶ እንደ መርፌ ይሾላል፣ ሲያብብ የአበባው ራስ የገለባ ቀለም አለው። ሮተንደስን ሐምራዊው እንበለው። ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆኖ ጫፉ ድንገት ነው የሚያልቀው፣ የአበባው ራስ ወደ ቀይና ቡናማ ያደላል። ሐምራዊው ብርድ አይችልም፣ መሬቱ የሚቀዘቅዝበት አገር ብዙም አይዘልቅም። ቢጫው ግን ብርዱንም ሙቀቱንም ይችለዋል። አበባ እስኪያወጣ መጠበቅ ግን የለባችሁም፣ ሳር ውስጥ ከሆነ ማጨጃው ቀድሞ ስለሚቆርጠው ላታዩትም ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከላይ የምታዩት ቅጠል እንግጫው አይደለም ብል ይቀለኛል። ቅጠሉ ቧንቧ ነው። እንግጫው ታች ነው ያለው።

አንድ ጊዜ ጥግ ላይ ዝቅ ያለች ቦታ ነበረችኝ፣ ውሃ እያቆረች ታስቸግረኛለች። ጥቁር አፈር አስመጥቼ ደልድዬ ሳር ተከልኩባት። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ እንግጫው ብቅ አለ፣ ሲወጣ ደግሞ ልክ አፈሩ የፈሰሰበትን ቅርጽ ይዞ ነው የወጣው፣ በኖራ መስመር የተሠመረ ነው የሚመስለው። የሸጠልኝን ሰው አልወቅስም፣ እሱም አላወቀም፣ ያላየሁት እኔ ነኝ። ተናደድኩና አንዱን እግር በአካፋ ከነአፈሩ ገምሼ አወጣሁት፣ ባልዲ ውስጥ ውሃ ሞልቼ ነከርኩትና ቀስ ብዬ አጠብኩት። አፈሩ ሲለቅ ከሥሩ ዙሪያ ነጫጭ ቀጫጭን ክሮች በየአቅጣጫው ተዘርግተው አየሁ። በየክሩ ጫፍ ላይ አንድ አንድ ድብልብል ነገር ተንጠልጥሏል። አንዳንዷ ገና ነጭ ናት፣ አንዳንዷ ቡናማ ሆና ጠንክራለች። የጠነከረችው ልክ የፍየል በጠጥ ነው የምትመስለው። በጥፍሬ ገመስ ሳደርጋት ውስጧ እንደ ድንች ነጭ ነው።

እነዚህን ድብልቦች ድንች እያልኩ ልቀጥል፣ ሥራቸውም እሱ ስለሆነ። ድንቾቹ የእንግጫው ጎተራ ናቸው። ቅጠሉ ከፀሐይ የሠራውን ምግብ ወደ ታች ያወርዳል፣ ድንቿ ታስቀምጣለች። ድንቿ ላይ ዓይኖች አሉ፣ ከአንድ በላይ። አንዱ ዓይን አቆጥቁጦ ሲወጣ ሌሎቹ ተኝተው ይጠብቃሉ። እናንተ ቅጠሉን ስትስቡ ቀጭኗ ክር መሬት ውስጥ ትበጠሳለች፣ ያ ምንም ሳይታገል የወጣው ለዚህ ነው። ድንቿ እዚያው ቀረች። ከዚያ ሁለተኛው ዓይን ይነቃል። ከተበጠሰው ክር ዳር ያሉት ሌሎች ድንቾችም ጊዜያቸው ነው።

በሐምራዊው ነገሩ የባሰ ነው። የእሱ ድንቾች በክሩ ጫፍ አንድ አንድ ሆነው ሳይሆን እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተሰካክተው ነው የሚሄዱት። ከዶቃዎቹ መሃል ጫፍ ላይ ያለችው ሌሎቹን እንዳይበቅሉ ይዛቸዋለች፣ እንደ ታላቅ እህት። ክሩ በመንቀልም በዶማም ሲበጣጠስ ግን ታላቅ እህት የለችም፣ ሁሉም ይነሳሉ። «ስነቅለው ባሰበት» የሚለው ወሬ እንግዲህ ከዚህ ነው የመጣው፣ እና ውሸት አይደለም። ግማሽ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደሚያስፈራ አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ሚኔሶታ የተሠራ፣ እስከ ዛሬ ሲጠቀስ የሚኖር ሙከራ አለ። ተመራማሪዎቹ አንዲት የቢጫው እንግጫ ድንች ተክለው ያለ ተቀናቃኝ ለቀቋት። በአንድ ዓመት ውስጥ 1,900 ያህል ተክልና ወደ 6,900 የሚጠጉ ድንቾች ሆነች። አንድ ነበረች። እርግጥ ሜዳው ባዶ ነበር፣ የእናንተ ሳር ውስጥ እንዲህ አይፈነጭም። ግን አቅሙን ያሳያችኋል።

ለምን በሙቀት ጊዜ ብቻ ይጎላል? እንግጫ ሙቀትና ብርሃን ሲበዛ የበለጠ የሚሠራ ተክል ነው፣ በሳይንሱ ሲ-ፎር ከሚባሉት ወገን ነው፣ እንደ በቆሎና እንደ ሸንኮራ አገዳ። ብዙ የሚያማምሩ የቤት ሳሮች፣ እነ ፌስኩና እነ ራይ ግራስ፣ ቀዝቃዛ አየር ነው የሚወዱት፣ ሲሞቅ ይደክማሉ፣ እድገታቸው ይቀንሳል። እንግጫው ደግሞ ያን ጊዜ ነው ጉልበት የሚያገኘው። ከታጨደ በሦስተኛው ቀን ከሳሩ በላይ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው። ሰርዶ የተከላችሁ ትንሽ ይሻላችኋል፣ ሰርዶም ሙቀት ወዳድ ነውና እኩል ይፎካከረዋል፣ ጥቅጥቅ ብሎ ከተኛ ደግሞ ብርሃን ይከለክለዋል። እንግጫ ጥላ ጠላቱ ነው። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ያ የቀረው ግማሽ እውነት። ድንቿ ጎተራ ናት ብለናል፣ ጎተራ ደግሞ ያልቃል። መጀመሪያ ስታቆጠቁጥ ካላት ስንቅ ከግማሽ በላዩን ነው የምታወጣው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቡቃያ በቀረው ነው የሚኖረው፣ እየቀጠነ ነው የሚመጣው። ልዩነቱ ያለው እናንተ መቼ ደረሳችሁ የሚለው ላይ ነው። አዲሱ እግር 5 ወይም 6 ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ከድንቿ እየተበደረ ነው የሚኖረው፣ ለእናቱ የሚመልሰው ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ግን ቅጠሉ ራሱን ችሎ ማትረፍ ይጀምራል፣ ትርፉን ወደ ታች ይልካል፣ አዲስ ድንችም መሥራት ይጀምራል። ስለዚህ ከ5 ቅጠል በፊት የነቀለ ሰው ጎተራውን አራቁቷል። ከ8 ቅጠል በኋላ የነቀለ ሰው ግን ቀድሞ የሞላ ጎተራ ላይ ነው የሚታገለው፣ አዳዲስ ድንቾችም ተጨምረውለታል።

በተግባር ይህ ማለት በሙቀቱ ወራት ቢያንስ በየ2 እና በየ3 ሳምንቱ፣ አንድም ሳታሳልፉ መንቀል ማለት ነው። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። የበሰለች ድንች ከ10 ጊዜ በላይ ድጋሚ ልታቆጠቁጥ ትችላለች። ነገር ግን በየጊዜው የሚወጣው እየደከመ ይሄዳል፣ ያንን ዓይናችሁ ራሱ ያየዋል፤ መጀመሪያ ወፍራም የነበረው እግር በአምስተኛው ዙር እንደ ክር ይሆናል። አንድ ወር ተጠናክረው ከዚያ ለሁለት ወር የተውት ሰዎች ናቸው «ነቀልኩ፣ ነቀልኩ፣ ምንም አልሆነም» የሚሉት። ሁለት ወር ሲተዉት ጎተራውን መልሶ ሞላ፣ በቃ።

የጊዜ ነገር ከተነሳ ሌላም አለ። ቢጫው እንግጫ የቀን ርዝመት ያውቃል። ወቅቶቹ በደንብ በሚለያዩበት ሰሜናዊ አገር ከሰኔ መጨረሻ ወዲህ ቀኑ ማጠር ሲጀምር ቅጠል ማብዛቱን ትቶ ድንች ወደ መሥራት ይዞራል። ስለዚህ እዚያ የሚኖር ሰው ሥራውን ቀኑ ማጠር ሳይጀምር መጨረስ አለበት። በነሐሴ ወይም በመስከረም ተናዶ የሚነሳ ሰው ቅጠሉን ያጠፋ ይሆናል፣ የሚቀጥለው ዓመት ድንች ግን መሬት ውስጥ ተቀምጧል። ዓመቱን ሙሉ ሞቃት በሆነበት ቦታ ደግሞ እንዲህ ያለ ዕረፍት የለም፣ አፈሩ ሞቅና እርጥብ ባለ ቁጥር ይሠራል።

ቦታው ትንሽ ከሆነ፣ አምስት ስድስት እግር ብቻ ከሆነ፣ መንቀሉን ትታችሁ ቆፍሩት። ግን አታሹፉ፣ ቆፍሩ ስል ቆፍሩ ነው። አብዛኛው ድንች የላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው ያለው፣ አንዳንዱ ግን ይወርዳል፣ ስለዚህ ከ20 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከእግሩ ዙሪያም አንድ ስንዝር ሰፋ አድርጋችሁ ከነአፈሩ ገምሱት። የወጣውን አፈር እዚያው ሳሩ ላይ አታራግፉ። ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥም አትጨምሩ፣ የቤት ብስባሽ ድንቿን ለመግደል በአብዛኛው በቂ ሙቀት የለውም፣ ቀጥሎ ብስባሹን አበባችሁ ሥር ስትጨምሩ አብራችሁ ትተክሏታላችሁ። ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ከቆሻሻ ጋር አስወጡ። በሞተር መኮትኮቻ መገልበጥ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። አንድ ጥግ የነበረውን እየቆራረጠ ግቢውን ሙሉ ይዘራላችኋል።

እዚህ ላይ ነው ቢጫና ሐምራዊ መለየት የሚጠቅመው። ገና ሳር ያልተከላችሁበት ባዶ መሬት ከሆነና አረሙ ሐምራዊው ከሆነ፣ በደረቁና በሞቃቱ ጊዜ ውሃ ሳታጠጡ መሬቱን ደጋግማችሁ ብትገለብጡት ድንቾቹ ፀሐይ ላይ ወጥተው ደርቀው ይሞታሉ። መገልበጥ የሚሠራው እዚህ ብቻ ነው፣ አፈሩ ደረቅ ከሆነ ብቻ። የቢጫው ድንች ግን ድርቀትን ይቋቋማል፣ በዚህ መንገድ አትደክሙ።

አሁን ውሃ። የእንግጫ መንጋ ያያችሁበት ቦታ ላይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ውሃው ከየት ነው?» ነው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የተሰነጠቀ ጎማ፣ ዝቅ ያለ ቦታ፣ ጣሪያው የሚያፈስበት ጥግ፣ ወይም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚያጠጣ ሰው። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ እኛው ነን። በየቀኑ ላይ ላዩን ሲረጥብ የሳሩ ሥር ወደ ታች መውረድ ይተዋል፣ ላዩ ሁሌም እርጥብ ይሆናል፣ ያ ደግሞ ለእንግጫ ሠርግና ምላሽ ነው። ጠለቅ አድርጋችሁ አጠጡና ላዩ እስኪደርቅ ተዉት። ይህን ስላደረጋችሁ ግን ያለው እንግጫ ይሞታል ብላችሁ አትጠብቁ። አንዴ ሥር ከያዘ ድርቁንም ይችለዋል። ውሃውን ማስተካከል አዲስ እንዳይስፋፋ ነው የሚያግዘው፣ ሳራችሁንም ያጠነክራል።

አጨዳም እንዲሁ። ሳርን ራሱን እስኪላጭ ድረስ ማጨድ የሚወዱ ሰዎች አሉ፣ ንጹህ ይመስላቸዋል። አጭር ሳር ግን መሬቱን ለብርሃን ይከፍተዋል። ጥላ ጠላቱ ነው አላልኩም? የማጨጃውን ምላጭ ለሳራችሁ ዓይነት ከሚመከረው ከፍታ ላይኛው ጫፍ ላይ አድርጉት። ሌላው፣ ብዙ ሰው አዘውትሬ ካጨድኩት ይደክማል ብሎ ያስባል። እንግጫውን ማጨድ ድንች ከመሥራት አያግደውም፣ ዝቅ ብሎ እዚያው ይኖራል። ማጨድና መንቀል አንድ አይደለም።

ወደ መድኃኒት ልግባ፣ ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ስለ ንግድ ስም አልናገርም፣ በየአገሩ ይለያያል። ዕቃው ላይ በትንሹ የተጻፈውን የንጥረ ነገር ስም ነው ማየት ያለባችሁ። ሳሩን ሳይገድሉ እንግጫውን ከሚመቱት መሃል ዋናው ሃሎሰልፉሮን ነው፣ ቢጫውንም ሐምራዊውንም ይይዛል። ሰልፈንትራዞን የሚባል አለ፣ እሱ በቀናት ውስጥ ቅጠሉን ሲያቃጥል ይታያል፣ ለትዕግሥት የለሾች የተሠራ ይመስላል። ቤንታዞን አለ፣ እሱ የነካውን ቦታ ብቻ ነው የሚያደርቀው፣ ስለዚህ ቅጠሉን በደንብ ማርጠብ ይፈልጋል፣ ከሐምራዊው ይልቅ ለቢጫው ነው የሚሻለው። ሁሉም ለሁሉም ሳር አይሆንም፣ የእናንተ ሳር ስም ዕቃው ላይ ተጽፎ ካላገኛችሁ አትርጩት። በአገራችሁ የተፈቀደ መሆኑንም አረጋግጡ።

የማይሠሩትን ደግሞ ልጥቀስ፣ ገንዘብ ስለሚበላ። ቱ-ፎር-ዲ ለብቻው ለሰፊ ቅጠል አረም ነው፣ እንግጫውን አይነካውም። ሳር ብቻ የሚገድሉት እነ ፍሉአዚፎፕ አይነኩትም። ሌላ አረም ከዘር እንዳይበቅል ቀድመው የሚረጩት እነ ፔንዲሜታሊንም አያግዱትም፣ እሱ የሚመጣው ከዘር ሳይሆን ከድንች ነው። ግላይፎሴት እንግጫውን ይጎዳዋል፣ ግን ከሳሩ ጋር ነው ይዞት የሚሄደው። ሳር በሌለበት የድንጋይ መንገድ ጠርዝ ላይ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፣ ሳር መሃል ከረጫችሁ ግን ቢጫ ክብ ክብ ትሠራላችሁ፣ ባዶ የቀረውን ቦታ ደግሞ ቀድሞ የሚሞላው ማን እንደሆነ ገምቱ።

ስለ ሃሎሰልፉሮን ትንሽ ልቆይ፣ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። ይህ መድኃኒት ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ቅጠሉ ላይ ያርፋል፣ ይገባል፣ ከምግቡ ጋር ወደ ታች ይወርዳል፣ ድንቿ ድረስ ይሄዳል። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው፣ ያው ቧንቧ ያልኩት ቅጠል አሁን ለእኛ ይሠራል። ስለዚህ የሚረጭበት ቅጠል ያስፈልጋችኋል፤ 3 ቅጠል እንኳ ሳያወጣ አትርጩ፣ አርጅቶም አይሁን። ከመርጨታችሁ 2 ቀን በፊትም ከረጫችሁ 2 ቀን በኋላም ሳሩን አትጨዱ። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ሰም ስላለው ውሃው እየተንከባለለ ይወርዳል፣ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ቅጠል ላይ እንዲጣበቅ የሚያደርግ ፈሳሽ አብሮ ይጨመራል፣ ዕቃው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ከረጫችሁ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ዝናብም ውሃም አይንካው።

ከዚያ ምንም አይታይም። በሦስተኛው ቀን ምንም። በሳምንቱ ትንሽ ገርጣ ይላል። ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸነፈው፤ አልሠራም ብሎ ወይ ይነቅለዋል ወይ መጠኑን እጥፍ አድርጎ ይደግመዋል። አትንቀሉት! መድኃኒቱ ገና እየወረደ ነው፣ ብትነቅሉት መንገዱን ቆረጣችሁበት። መነቀልና መረጨት ሁለቱም ይሠራሉ፣ በአንድ እግር ላይ በአንድ ጊዜ ግን አይሆንም፣ አንዱን ምረጡ። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ ሆኖ ይወድቃል። ተኝተው የነበሩት ድንቾች ሲወጡ ደግሞ ሁለተኛ ዙር ያስፈልጋል፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ሳምንት ቆይቶ። መጠን ማብዛት ሳሩን ያቃጥላል እንጂ ድንቿን ቶሎ አይገድልም።

የጥንቃቄውን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ነፋስ ሲኖር አትርጩ፣ ጓንትና ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ልጅና ውሻ እስኪደርቅ ድረስ ሳሩ ላይ አይውጡ፣ ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ስለ ጓዳ መድኃኒቶች ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ጨው፣ ኮምጣጤ፣ የፈላ ውሃ። ኮምጣጤውም የፈላ ውሃውም የነካውን ቅጠል ያደርቃል፣ ሳሩን ጭምር፣ ድንቿ ግን ታች ሆና አትሰማም። እንደ መንቀል ቁጠሩት፣ ያውም ከመንቀል የባሰ ምክንያቱም ጎረቤቱን ሳር ገደላችሁ። ጨው ግን ከሁሉም የከፋ ነው። አፈሩ ውስጥ ይቆያል፣ እዚያ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ምንም አይበቅልላችሁም፣ እና ዝናብ ወደ አበባችሁ ይወስደዋል። ላስቲክ ማንጠፍም እንደምታስቡት አይደለም። አበባ መደብ ላይ ጥቁር ላስቲክ አንጥፌ ከሥሩ እንደ መርፌ ወግቶት የወጣ እንግጫ አይቻለሁ፣ ጫፉ ስለት ነው። ወፍራም የተሸመነ ጨርቅ ይሻላል፣ እሱም የሚሠራው አበባ መደብ ላይ እንጂ ሳር ላይ አይደለም።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ለሚለው፣ ድንቿ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳትሞት ልትቆይ ትችላለች፣ ስለዚህ በአንድ ወቅት አጠፋዋለሁ ብላችሁ አትጀምሩ። በእኔ ጥግ የመጀመሪያው ዓመት በየሁለት ሳምንቱ በባልዲ ነበር የማወጣው። ሁለተኛው ዓመት በእፍኝ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ጠዋት ጠዋት ሻይ ይዤ ስዞር ያገኘሁትን ሁለት ሦስት እግር እየነቀልኩ አለፍኩ። አሁንም አልፎ አልፎ አንዷ ብቅ ትላለች፣ ሁሌም ቧንቧው አጠገብ።

አዲስ አፈር፣ ተጠቅልሎ የሚመጣ ሳር ወይም በዕቃ የተተከለ አበባ ስታስገቡ ደግሞ እኔ የረሳሁትን አድርጉ። ከአፈሩ አንድ ሁለት አካፋ ባልዲ ውስጥ ጨምሩና በውሃ እጠቡት፣ ከታች የቀረውን መዳፋችሁ ላይ ዘርጉት። በጠጥ የሚመስል ነገር ካገኛችሁ በጥፍራችሁ ገምሱት። ጠጠር ከሆነ አይገመስም። ውስጡ ነጭ ከሆነ አፈሩን መልሱት።